ያደነቁልኝ ማርሽ

ሰው ባረጀ ቁጥር ብልህ ይሆናል የሚለውን ነገር ያወራው ራሱ ሽማግሌ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ሰባን አልፌ፣ የአፌ ጥርስ አልቆ፣ ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ እያለ፣ ከሁሉ አብልጦ እንቅልፍ ይነሳኝ የነበረው የብስክሌቴ ጥርስ ነው። አሁን የምነግራችሁ ታሪክ የሚያስቅ ክፍል አለው። ሳቁን ከፊት ከፊቱ ሳቁልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ አታገኙትም።

ላሊበላ ውስጥ የስፖርት መምህር ነበርኩ። ስንት ልጅ ሩጫ አስተምሬ እኔ ራሴ ከብስክሌት ወርጄ አላውቅም። ብስክሌቴ ኮርሳ ናት፤ መሪዋ እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠቀለለ፣ ጎማዋ ቀጭን፣ ለእሽቅድድም የተሠራች። በወጣትነቴ ኮምቦልቻ ሳለሁ ነው የገዛኋት። ያች የሜዳ ፍጥረት ናት። እኔ ደግሞ አምጥቼ ላስታ ላይ ጣልኳት፤ ሜዳ የሚባል ነገር ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ በማይገኝበት አገር። ከቤቴ ወደ ገበያ ስወርድ ደረቴን ነፍቼ እጋልባታለሁ። ስመለስ እንደ ታመመች ጥጃ እየጎተትኩ እወጣለሁ። ሰውም ለምዶኝ፣ «መምህር፣ ዛሬ ደግሞ ማን ማንን ጋለበ?» ይለኛል።

ከኩልመስክ አለፍ ብሎ፣ ትልቅ ዳገት ጫፍ ላይ ባለች ትንሽ ቀበሌ ታላቅ እህቴ ትኖር ነበር። እታለም እላታለሁ። እናታችን የሞተችው እኔ ገና እንጀራ በራሴ እጅ መቁረስ ሳልችል ነውና አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከመስቀል ወዲህ ሆዷ እያበጠ፣ እግሯም እያበጠ፣ ታማ ቤት ዋለች። ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቃት ስሄድ እጄን ይዛ፣ «ዐይኔን የምትከድነው አንተ ነህ። የሌላ እጅ አልፈልግም» አለችኝ። እኔም እንደ ልማዴ፣ «እጄ ግራሶ ነው እታለም፣ ፊትሽን አጠቁረዋለሁ» ብዬ አሳቅኋት። ግን ቃል ገብቼ ነው የወጣሁት።

ችግሩ መንገዱ ነበር። በዚያ ሰሞን መንገዱ እንደ ፈለገው ነው፤ ትንሽ ይከፈታል፣ ብዙ ይዘጋል። ሲከፈት ነዳጅ የለም፤ ነዳጅ ሲገኝ የሚሄድ መኪና የለም። ስልኩም ከጠፋ ቆይቷል። በቅሎ እንዳልከራይ፣ ፈረንጅ መምጣት ካቆመ ወዲህ በቅሎዎቹ ተሸጠው ወደ ቆላ ወርደዋል። በእግሬ እንዳልሄድ ጉልበቴ ዳገቱን በመከራ ቢወጣ ቁልቁለቱን አይችልም። ብስክሌት ላይ ግን ጉልበቴ አያመኝም። ለምን እንደሆነ ሐኪምም አላወቀው።

እንግዲህ ያለኝ ኮርሳዋ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ ለዳገት አልተፈጠረችም።

የባጃጅ ጠጋኙ ሰይድ ወዳጄ ነው። ነዳጅ ጠፍቶ ባጃጆች ከቆሙ ጀምሮ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ ጫት ይቀነጥሳል፣ የአላፊ አግዳሚውን አረማመድ ይተቻል። ችግሬን ስነግረው ሁልጊዜ አድርጎት የኖረውን ቆብ አወለቀና፣ «አያ አሰፋ፣ ይህን ነገር በማርሽ እንፈታዋለን» አለ። የማርሽ እውቀቱ ከእኔ አይበልጥም፤ ድፍረቱ ግን ይበልጣል። አንድ ሆቴል ጓሮ ፈረንጅ ጥሎት የሄደ የተሰበረ የተራራ ብስክሌት ነበር። አጥንቱ ተሰብሯል፤ ማርሹ ግን ደህና ነው። ለምነን ወሰድነው።

ለማያውቅ ላስረዳ። የፊተኛው ጥርስ ባነሰ፣ የኋለኛው በሰፋ ቁጥር ለእግር ይቀልላል። ብዙ ታሽከረክራላችሁ፣ ጥቂት ትሄዳላችሁ። የእኔን ዕድሜ ማለት ነው። የኮርሳዬ የፊት ጥርስ ሰፌድ ያህላል፤ የኋላው የቡና ስኒ አፍ አያህልም። ከፈረንጁ ብስክሌት ያወጣነው የኋላ ጥርስ ግን ትልቁ የድስት ክዳን ይሆናል።

አሮጌው ጥርስ ከጎማው ጋር ተጣብቆ ዝጎ ነበር። መፍቻው የለንም። ሰይድ በሞርሳ ነክሶ ያዘውና ጎማውን እንደ መሪ በአራት እጅ ጨብጠን ጠመዘዝነው። አልንቀሳቀስ አለ። ዘይት አጠጥተን አሳድረነው በማግስቱ ስንሞክር ሳናስበው ተፈታ፤ ሰይድ ባጃጅ ውስጥ ገባ፣ እኔ በላዩ ላይ። አዲሱን ጥርስ አሰርን፣ ረጅም ክንድ ያለውን የፈረንጁን ማርሽ ለዋጭ አንጠለጠልን፣ የፊቱንም ትንሽ ጥርስ እንደምንም አገጣጠምን። የቀረው ካቴናው ነው። አሮጌውን ካቴና መልሰን አስገባን። ሰይድ አየና «ይበቃል» አለ። እኔም አየሁና «ይበቃል» አልኩ። ሁለት ሰው ሲስማማ እግዚአብሔርን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለሙከራ የመረጥኩት የእሑድን ጠዋት ነው፤ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ መንገዱን ሞልቶት። ሰው ባያይ ምን ዋጋ አለው? ዳገቱን ጀመርኩና ወደ ትልቁ ጥርስ ቀየርኩ። ካቴናው አጥሮ ኖሮ እንደ ክራር ክር ተወጠረ፣ ጎማው ቀጥ አለ፣ እኔ በመሪው ላይ አልፌ በግንባሬ መሬት ተደፋሁ። አንዲት እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ጎንበስ ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ከዚህ ጀምረህ ነው የምትሳለመው?» አሉኝ። «አዎ እማሆይ» አልኩ።

ከፈረንጁ ካቴና ቆርጠን ቀጠልንበት። በሚቀጥለው ሙከራ ከገበያው እስከ ቤቴ ድረስ እግሬ መሬት ሳይነካ ወጣሁ። ቤቴ ደርሼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። ሰይድ የደከመኝ መስሎት ውኃ አመጣልኝ። እኔ ግን ያለቀስኩት እታለም ዘንድ መድረስ እንደምችል ስለገባኝ ነው።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከእሷ ቀበሌ ለገበያ በእግሩ የመጣ ሰው ቤቴን አጠያይቆ መጣ። ቆሞ ነው የነገረኝ፣ አልቀመጥም አለ። እህል መቅመስ ካቆመች ቆይታለች። «አሰፋን ጥሩልኝ» ትላለች። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ።

ስለ መንገዱ ብዙ አላወራም። ከላሊበላ ወደ ደጋው የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ገሚሱ አስፋልት፣ ገሚሱ ኮረት፣ ሁሉም ሽቅብ ነው። ትልቁ ጥርስ ላይ ሆኜ እግሬን እንደ ስፌት መኪና አሽከረክራለሁ፤ መንገዱ ግን አይነቃነቅም። ገብስ የተጫነች አህያ ከኋላዬ መጥታ ቀደመችኝ። ዞር ብላም አላየችኝ። ባለቤቷ አለፍ ካለ በኋላ አዝኖልኝ፣ «እንድጎትትዎ በገመድ ልሰርዎ?» አለ። አመስግኜ እምቢ አልኩ። አልወረድኩም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ዳገት ላይ ከብስክሌቴ አልወረድኩም። ኩልመስክ ስደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ሻይ ጠጥቼ፣ ካቴናውን ጠርጌ ቀጠልኩ።

ከኩልመስክ ወዲያ መንገዱ አንድ ረጅም ቁልቁለት ይወርድና ከገደል ሥር አንዲት መንደር ላይ ያርፋል። ከመንደሯ በኋላ የመጨረሻው ዳገት ነው። ጫፉ ላይ የእታለም ቤት አለ። ቁልቁለቱን ስወርድ ጆሮዬ ላይ ከነፋስ በቀር ምንም አልሰማሁም። ይህን ያዙልኝ።

መንደሯ ስገባ ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ዳገቱ ጫፍ አንጋጦ ቆሟል። እኔን ሲያዩ ዝም አሉ። አያ ይመር፣ ድሮ አብረን ፊደል የቆጠርን ሰው፣ ጋቢውን እየሰበሰበ ወደ መንገዱ መሐል ወጣና መሪዬን ያዘ። ተሳሳምን። የመጀመሪያው ቃሌ ስለ እታለም ነበር።

«እንዴት ናት? የሰማችሁት አለ?»

«እግዜር ያውቃል» አለ። ዐይኑን ከዐይኔ ላይ አንስቶ ጎማዬ ላይ ጣለው። «ይሄ የኋላው ምንድን ነው አሰፋ? እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም።»

ጎበዝ፣ ሽማግሌን ለማስቆም ገደል መቆፈር አያስፈልግም። ሥራውን አድንቁለት፤ ራሱ ይቆማል።

አስረዳኋቸው። ስለ ትንሹና ስለ ትልቁ ጥርስ፣ ስለ ሞርሳው፣ ሰይድ ባጃጅ ውስጥ ስለ መግባቱ። አንዱ፣ «እውነት ይህን ዳገት ይወጣል?» አለ። አሳየሁት። እስከ መጀመሪያዋ ኩርባ ወጥቼ ወረድኩ። ሌላው፣ «ያለ ጭነትማ ማንም ይወጣል» አለ። ወኔዬን በምን እንደሚቀሰቅሱት ማን አስተምሯቸው እንደሆነ እንጃ። የገብስ ከረጢት ከኋላዬ አስረው ሰደዱኝ። እሱንም ይዤ ወጣሁ፤ ስወርድ አጨበጨቡ። ልሂድ ስል የአያ ይመር ባለቤት ሽሮ በእንጀራ ይዛ ቀረበች። «ዳገት በባዶ ሆድ አይወጣም» አለ አያ ይመር። ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ዙሪያዬን ቆመው እያንዳንዱን ጉርሻ ትኩር ብለው ያዩ ነበር። አንዷ ዐይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። መልኬ የድሮው ተመልሶ ይሆን ብዬ አሰብኩ፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ።

ልነሳ ስል ፀሐይዋ ከገደሉ ጀርባ ገብታለች። አያ ይመር፣ ከመሸ በመንገዱ ሰው እንደማያልፍ፣ ያለፈም ጉዳት እንዳገኘው ነገረኝ። በዚያ ሰሞን ይህን የሚያስተባብል አልነበረም። ብስክሌቴን እህል ጎተራው ዘንድ አስገብቶ ዘጋባት። እኔን መደቡ ላይ አስተኝቶ፣ እሱ አጎዛውን በሩ ላይ አነጠፈና ተጋደመ። በዚህ ዕድሜው መሬት ላይ መተኛቱ ገርሞኝ፣ እንዴት ያለ እንግዳ አክባሪ ነው አልኩ።

ጎህ ሲቀድ የሰው እግር ቀሰቀሰኝ። ነጭ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ቄስም አለ። አያ ይመር ትከሻዬን ይዞ፣ እንደ ወጉ፣ ሌሎቹ ሊደግፉኝ ከግራ ከቀኝ ቆመው፣ «አሰፋ ወንድሜ፣ እታለም ትናንት በአሥር ሰዓት አርፋለች። ቀብሩ ዛሬ ነው፣ ትደርሳለህ» አለኝ።

ያኔ ሁሉም ገባኝ። ሰዎቹ ትናንት ወደ ዳገቱ ያንጋጠጡት፣ እኔ በነፋሱ ያልሰማሁትን ዋይታ ሰምተው ነበር። መርዶ ደግሞ ሰው ደክሞ፣ ሆዱ ባዶ ሆኖ፣ በመንገድ ላይ አይነገርም። እህል ይቅመስ፣ ይረፍ፣ ወገን ይሰብሰብ፣ ጎህ ይቅደድ ይባላል። ከረጢቱም፣ ጭብጨባውም፣ ሽሮውም፣ በሩ ላይ መተኛቱም የመርዶ ወግ ነበር። ጮህኩ፣ ወደቅሁ፣ አነሱኝ። በልቤ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አላማረርኳቸውም። ለካ ሲያደንቁኝ ሲያለቅሱልኝ ነበር አልኩ። ዐይኗን ሳልከድን ቀረሁ፤ ቢሆንም ያን ማታ ብወጣም በሕይወት አልደርስባትም ነበር ብዬ ራሴን ያዝኩ። ዳገቱን በእግሬ፣ በሰው ትከሻ ተደግፌ ወጣሁት። አያ ይመር ብስክሌቴን ከኋላ ይገፋል።

የእታለም ደጅ ስንደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ያውም በዚያ የደጋ ብርድ። የእህቴ ልጅ ሙሉ ወጣችና እኔን ስታይ ደረቷን መታች።

«አጎቴ፣ አሁን እኮ ነው። አሁን ዶሮ ሲጮኽ።»

ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ ልቅሶውን አቆመ።

«ምኑ?» አልኳት።

ሙሉ እያለቀሰች ነገረችን። ትናንት በአሥር ሰዓት እናቷ ትንፋሿ ጠፋ። ሞተች ብለው ጮኹ። ሊያጥቧት ውኃ ሲያሞቁ ዐይኗን ገለጠች። «ምን ሆናችሁ? አሰፋ መጣ?» አለች። በቁም ሰው ላይ ማልቀሳቸው አሳፈራቸው፤ ክፉ ምልክት ነውና ጎረቤቱን ለምነው ነገሩን ዝም አሰኙት። ታች ያለው መንደር መስማቱን ማንም አላሰበም። ሌሊቱን ሙሉ ነፍሷ አልወጣም። የቅጠል ኮሽታ በሰማች ቁጥር፣ «ጎማ ነው?» ትላለች። በሩን ሊዘጉ ሲሉ ከለከለች። «መሪው ሰፊ ነው፣ ይቸግረዋል» አለች።

«ዐይኗን ማን ከደነው?» አልኩ።

«እኔ ነኝ አጎቴ። ወደ በሩ አፍጥጦ ነበር።»

ወደ በሩ ዞርኩ። ከዚያ ደጅ የታችኛው መንደር ቁልጭ ብሎ ይታያል። የመጀመሪያዋ ኩርባም ትታያለች። ዐይኔ የት እንዳረፈ ሙሉ አይታ፣ ምንም ሳትጠረጥር፣ «ማታ ፀሐይ ሳትገባ እዚያ ኩርባ ላይ አንድ ሰው ሲወጣ ሲወርድ፣ ሲወጣ ሲወርድ አይቻለሁ። የሚጫወት ጎረምሳ መስሎኝ» አለች።

አያ ይመር ብስክሌቷን ለቀቃት። ስትወድቅ ተሰማኝ። እግሬ ሥር ተደፍቶ፣ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» ይላል። «አይዞህ» ልለው አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም። «ምነው ባላወቅሁህ» ልለውም ፈለግሁ፤ እሱም አልወጣልኝም። ቃሬዛዋን ከፊት የተሸከመው እሱ ነው። ከቀብር በኋላ እስከ ሠልስቱ ድንኳን ውስጥ አልገባም፤ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ምግብ ላኩለት፣ አልበላም። እኔም አልጠራሁትም። ሰው ሁሉ የኔን ጥሪ ይጠብቅ ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ መጀመሪያ የተጣላሁት ከወጋችን ጋር ነው። መርዶ ማቆየት የሚሉት ነገር በእኔ ዘንድ አብቅቷል አልኩ። ባለፈው ክረምት አንዲት ሴት ከቆላ ልጇን ልትጠይቅ ስትመጣ መንገድ ላይ አገኘኋት። ልጇ እንደሞተ አውቃለሁ። ማንም ሊያቆያት አይገባም ብዬ በመንገዱ መሐል፣ ፀሐይ አናቷ ላይ ሳለች፣ ቀጥ አድርጌ ነገርኳት። ሴትዮዋ አልጮኸችም። ወደ ድንጋዩ ወደቀች። ግንባሯ ደማ፤ የሚይዛት የእኔ የሽማግሌ እጅ ብቻ ነበር፣ እሱም አልቻላትም። ወጉ ለምን ሁለት ሰው ከግራ ከቀኝ እንደሚያቆም ያን ጊዜ ገባኝ። ወጉን አምኜም፣ ወጉን ጥዬም ተሳስቼ አረፍኩ። አሁን መርዶ ያለበት ቤት ሲጠሩኝ ጉልበቴን አመመኝ እላለሁ። የሚያምነኝ የለም።

አያ ይመር ዘንድ ሄጃለሁ፤ በመኪና። ተሳሳምን፣ ተቀመጥን፣ ስለ ገብስ ዋጋና ስለ ዝናብ አወራን። ስለ ሌላው ነገር እሱም አላነሳ፣ እኔም አላነሳሁ። ሲሸኘኝ ወደ ኩርባዋ አላየም። እኔም አላየሁም። ሁለት ሽማግሌዎች አንገታቸውን አቅርቅረው እስከ መኪናው ድረስ ሄዱ።

ሰይድ፣ «ማርሹ እንዴት ነው?» ይለኛል አሁንም። «እንከን የለውም» እለዋለሁ። እውነት ነው። ያ ማርሽ ትናንትም ዛሬም እንከን የለውም። በዚያ ቀን የመጨረሻውን ዳገት ሳይመሽ ያወጣኝ ነበር፤ ከነከረጢቱ እንኳ ይወጣ እንደነበር አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ በትልቁ ጥርስ ዳገት አልወጣሁም። እግሬ እምቢ አይልም፤ ሲቀልለኝ ነው የማልችለው።

ለልጆቼ አንድ ነገር ተናግሬአለሁ። እኔ ስታመም ከሩቅ የሚመጣ ሰው ካለ፣ ዋይታ ብትሰሙም እንኳ፣ አብሉት፣ ሁለት ሰው ደግሞ ከግራ ከቀኝ አብረውት ይውጡ፤ ግን እንዳታሳድሩት። እናንተንም እለምናችኋለሁ። ሞተ የተባለ ሰው አንዳንዴ ገና እየጠበቀ ነው።